ጋሽ ገብረክርስቶስ ለቅሶ ሊደርሱ የወጡ ዕለት

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ዘመን ስልክ ማለት ጋሽ ገብረክርስቶስ ማለት ነበር። ገና ጢማቸው ሳያጎነቁል ከሰላሌ መጥተው ስልከኛ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ከጊምቢ አዲስ አበባ ሊደውል የፈለገ የቡና ነጋዴም ሆነ ከደምቢዶሎ ወንድሙን የሚያፈላልግ ወታደር በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይነጋገርም ነበር። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ የገመዱን ጫፍ ካንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ እየሰኩ፣ "ሃሎ ጊምቢ! ጊምቢ ይሰማል? ይነጋገሩ!" ሲሉ ድምፃቸው ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን እንደታጨች ከዘመድ ቀድመው ያውቃሉ። ከአፋቸው ግን አንድም ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ጡረታ ከወጡ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልጃቸው ራጉኤል ያንን ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ስልክ ገዝቶላቸው "አባዬ፣ ና አጠቃቀሙን ላሳይህ" ቢላቸው ተቆጡ።

"ለኔ ነው ስልክ የምታሳየኝ? እኔ ስልክ ስነካ አንተ የት ነበርክና!"

ይህን ባይሉ ይሻላቸው ነበር። ይሄኛው ስልክ ገመድ የለው፣ ቀዳዳ የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው። ጣታቸው ከዕድሜ ብዛት እንደ በጋ መሬት ደርቋል፤ ሲነኩት ስልኩ ዝም፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ዝም፤ ተናደው ሲደበድቡት ግን ያላዘዙትን ሁሉ ባንዴ ይከፍታል። ፊደሉ ደግሞ ጤፍ ነው። መነጽር አድርገው ሲጠጉት እንኳ፣ ገና አንዱን ቃል ሳይጨርሱ መብራቱ ድርግም ይላል።

ኩራታቸውን ውጠው ራጉኤልን የጠየቁባቸው ቀኖችም ነበሩ። ራጉኤል ክፉ ልጅ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ደክሞት ይመጣል፤ አባቱ ሲጠይቁት "ስጠኝ" ይልና ከእጃቸው ይወስደዋል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ በአውራ ጣቱ እንደ ዶሮ ጥሬ ለቀም ለቀም ያደርግና "ይኸው፣ አለቀ" ብሎ ይመልስላቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ገብረክርስቶስ የሚያዩት የልጃቸውን ማጅራት ነው።

"ምኑን ነው የነካኸው?"

"ቀላል ነው እኮ አባዬ።"

"ቀላል ነው" የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ነበር የምትወጋቸው። ቀላል ከሆነ፣ እሳቸው ያቃታቸው ምን ሆነው ነው? ሁለተኛ ላለመጠየቅ ይምላሉ፤ ስልኩን በፎጣ ይሸፍኑና ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጡታል።

ዕድሩ ግን አላስቀምጥ አላቸው። የሰፈሩ ዕድር ጡሩምባ ነፊ አርጅተው ልጃቸው ዘንድ ዲጋ ሲገቡ፣ በሌሊት ተነስቶ ጡሩምባ የሚነፋ ጎልማሳ ጠፋ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቀነአ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ አባላቱን ሰብስበው ከእንግዲህ መርዶ የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው ሲሉ አወጁ። ርዕሰ መምህርነታቸውን ጡረታ ስላላወጡት፣ ግሩፑንም እንደ ትምህርት ቤት ነው የያዙት።

"ይህ ግሩፕ የሐዘን ግሩፕ ነው" አሉ ጣታቸውን እየነቀነቁ። "ሰላምታ ክልክል ነው። ቀልድ ክልክል ነው። የበዓል አበባ ክልክል ነው። ፎቶ የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ብቻ ነው!"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። "ታዲያ ስልክ የሌለን ሰዎች እንዳንቀበር ነው?" ያሉ ነበሩ። ኦቦ ጆቴ፣ የጋሽ ገብረክርስቶስ የአጥር ጎረቤት፣ "እኔ ስሞት ለኔ ጡሩምባ ይነፋልኝ፤ በስልክ አልሞትም" ብለው ተነስተው ወጡ። ጋሽ ገብረክርስቶስ በልባቸው "እውነቱን ነው" አሉ፤ በአፋቸው ግን ዝም። ከኦቦ ጆቴ ጋር በአንድ የአቮካዶ ዛፍ የተነሳ ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ግንዱ ከጆቴ ግቢ፣ ፍሬው የሚወድቀው ከእሳቸው ግቢ ነው።

እንዲህ ሆኖ ግሩፑ ተጀመረ፤ ራጉኤልም እንደ ልማዱ ለቀም ለቀም አድርጎ አባቱን አስገባቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስ የግሩፑን አባላት ሲመለከቱ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ኦቦ ቀነአ ከነከረባታቸው በትንሽ ክብ ውስጥ ተቀምጠዋል። አዴ ዱረቲ፣ እኚያ ጆሯቸው ከከዳቸው የቆየ የቀድሞ ነርስ እንኳ፣ በክብ ውስጥ ፈገግ ብለው ይታያሉ። የእሳቸው ክብ ውስጥ ያለው ግን አንዲት "ገ" ናት። ፊት የሌለው ሰው መሰሉ። የወለጋን ሕዝብ ሲያገናኝ የኖረ ሰው በአንዲት "ገ" ይቀራል?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ራጉኤል ሥራ ገባ። ሚስቱ ሌንሳም ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄደች። ቤቱ ጭር ሲል ጋሽ ገብረክርስቶስ ስልኩን ከፎጣው ፈቱት፣ መነጽራቸውን ወለወሉና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የሚያስገቡትንም ፎቶ መርጠዋል፦ ጡረታ ሲወጡ ስቱዲዮ የተነሱት፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ከረባት፣ ዓይናቸው ሩቅ የሚያይ። ራጉኤል ድሮ ስልካቸው ውስጥ ከትቶላቸው ነበር።

ነኩ፤ ዝም። ጠበቅ አደረጉ፤ ዝም። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ደበደቡት። ስልኩ ብልጭ ብልጭ አለ፣ አንዴ ካሜራ ከፈተባቸው፣ አንዴ የአየር ሁኔታ ነገራቸው፣ በመጨረሻ ያ ፎቶ ብቅ አለ። ከጎኑ አንዲት ሰማያዊ ቀስት ነበረች። ቀስት ማለት "ወደፊት" መሆን አለበት ብለው ጫኗት። ፎቶው ሽው ብሎ ሄደና ሰፋ ብሎ ተቀመጠ።

"አየህ!" አሉ ለባዶው ቤት። "ምን ያቅታል!"

ደስታቸውን በምስጋና ሊያሳርጉ ፈለጉ። ከዚያ ቢጫ ምልክት ከተደረደረበት ውስጥ፣ ሁለት መዳፍ የተጋጠመበትን እጅ የመንሻ ሰላምታ ነው ብለው መረጡና ላኩ። ፎቶው የሄደው ክቧ ውስጥ አልነበረም፤ የሄደው በቀጥታ ዕድሩ ግሩፕ ላይ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ከረባት፣ ከሥሩም ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጢን አለ። ከዚያ ጢን ጢን። ከዚያማ እንደ ገና ከበሮ አላቆም አለ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያዩ "ነፍስ ይማር" ይላል። ከሥሩ "ነፍስ ይማር"። በኦሮምኛም የጻፈ አለ፤ ያም ያው ነው። ፎቷቸው በመልእክቱ ጎርፍ ተገፍቶ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ወደ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ ደግሞ አያውቁም።

"እኔን!" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "ማን ይሆን የሞተው?"

ሊደውሉ ሞከሩ። ከላይ ወደ ታች አንድ ነገር ተጎተተባቸው፤ ከተደረደሩት ምልክቶች መካከል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ ጣታቸው እሷ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ጢንጢንታው ጸጥ አለ። አውሮፕላኗ ስልኩን ከዓለም እንደቆረጠችባቸው አላወቁም። "ለቅሶ መሆኑ ገብቶት ዝም አለ" ብለው በስልኩ ጨዋነት ተገረሙ።

የዕድር ሰው እቤቱ አይቀመጥም። ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ፣ ጋቢ ደረቡ፣ በሩን ቆልፈው በጓሮ በኩል ባለው አቋራጭ ወደ ኦቦ ቀነአ ቤት ገሰገሱ። ሰውየው የሉም፤ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ሄደዋል አሏቸው። ዕቃ ቤቱ ሲደርሱ፣ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን የጫነ አይሱዙ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ደረሱበት። እጃቸውን ቢያወናጭፉ ያያቸው የለም። የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገቡ።

"የት ልውሰድዎት አባባ?" አለ ባለ ባጃጁ።

"ለቅሶ ቤት።"

"የማን ቤት ነው?"

"እኔስ መቼ አወቅኩ! ያንን ድንኳን የጫነ መኪና ተከተልልኝ።"

ባጃጁ ተከተለ። መኪናው ገበያውን አለፈ፣ በወፍጮ ቤቱ ታጠፈ። "ኧረ የኛ ሰፈር ነው" አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ፤ የታመሙ ጎረቤቶቻቸውን ባንድ ባንድ በሐሳብ መጎብኘት ያዙ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ። የእሳቸው መንገድ ነው። ቀስ አለ። ቆመ። የቆመው የእሳቸው በር ላይ ነው።

የግቢው በር ተከፍቷል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢውን ሞልተውታል። ሌንሳ ደረጃው ላይ ወድቃ "አባባ! አባባ!" እያለች ደረቷን ትመታለች። ጋሽ ገብረክርስቶስ ዓይናቸው ራጉኤልን ፈለገ። ራጉኤል የለም።

ጠዋት "ልሂድ አባዬ" ሲላቸው ስልኩን እስኪያወጡ ቸኩለው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም ነበር። ሌንሳ "አባባ" የምትለው፣ ሐዘኗን ለእሳቸው ስታሰማ መሆን አለበት። "ልጄን!" ብለው ጮኹ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሰው እየገፉ ገቡ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንድ ተጨማሪ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማን ልብ ይላል? እንዲያውም መንገድ ለቀቁላቸው። አንድ ወፍራም ክንድ አንገታቸውን አቀፈና ከጎረቤት የመጣ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ክንዱ የኦቦ ጆቴ ነበር። ኦቦ ጆቴ ዓይናቸውን በጋቢ ሸፍነው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ።

"በርታ ወንድሜ፣ ጀባዱ" አሉ ማንን እንዳቀፉ ሳያዩ።

"ልጄ ነው?" አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። "ራጉኤል ነው?"

"ኧረ ልጁስ ደህና ነው። አስከሬኑን ሊፈልግ ሆስፒታል ሄዷል።"

"የማንን አስከሬን?"

"የገብረክርስቶስን ነዋ! ያን የመሰለ ሰው!" ኦቦ ጆቴ ጉልበታቸውን መቱ። "ያቺ አቮካዶ ትድረቅ! ሥሯ ይነቀል! ለሷ ብዬ ከሱ ጋር ሳልነጋገር ቀረሁ። ሚስቴ ምጥ ላይ ሆና እናቷን ከደምቢዶሎ ያገናኘኝ እሱ ነው፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም። እንደሱ ያለ ደግ፣ እንደሱ ያለ ሚስጥረኛ ወለጋ አላበቀለችም!"

ጋሽ ገብረክርስቶስ ከዚህ ሁሉ የሰሙት ልጃቸው ደህና መሆኑን ብቻ ነው።

"ተመስገን!" አሉ ጮክ ብለው። "ተመስገን አምላኬ!"

ኦቦ ጆቴ ደነገጡ። "ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ሰው ሞቶ ተመስገን ትላለህ?" ብለው በቁጣ ጋቢያቸውን ከዓይናቸው ገለጡ። ጋሽ ገብረክርስቶስም ገለጡ። ተያዩ።

ኦቦ ጆቴ "ያ ዋቃ!" ብለው ወደ ኋላ ሲሸሹ ጎረቤት ያመጣው የንፍሮ ሰፌድ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ሴት "በስመ አብ!" አለች፤ ሌላዋ ጮኸች፤ አግዳሚው ተገለበጠ። ሌንሳ ቀና ብላ አማቷን ስታይ፣ ስታለቅስበት በነበረው ድምፅ ሳቀች፤ ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ሮጣ መጥታም ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች።

"አባባ፣ ይሞቃሉ! ደህና ነዎት!"

"ምን እሆናለሁ? ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ነው እንጂ!"

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ድንኳኑም በዚሁ ግርግር መሐል ተተከለ። ሌንሳ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ስታይ እየሮጠች መጣች፤ ቤቱ ተቆልፏል፤ ስልካቸው ደግሞ "ጥሪ አይቀበልም" ይላል። መንገድ ላይ ወድቀው፣ ያነሳቸው ደግ ሰው በስልካቸው ዘመድ እያስታወቀ ነው ብለው እሷና ራጉኤል አሰቡ። ጎረቤት በበኩሉ ፎቶውን የለጠፈው ራጉኤል ነው ብሎ አመነ። "በሕይወት አለ ወይ?" ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ኦቦ ቀነአ ብቻ ደስታቸው ሙሉ አልሆነም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጋሽ ገብረክርስቶስን እንደ አርፋጅ ተማሪ ተመለከቷቸው።

"መቼም እንኳን ተረፉ። ግን ደንቡ ግልጽ ነው። ፎቶ የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ብያለሁ።"

"ታዲያ ደንቡ እንዳይጣስ ልሙትልዎት?" አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ።

በዚህ መሐል ራጉኤል ገባ። ሆስፒታሉን አልጋ ባልጋ ሲያስስ ቆይቶ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቱን ሲያይ እቅፍ አድርጓቸው ትከሻቸው ላይ ተንሰቀሰቀ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ጀርባውን እየመቱ "አይዞህ፣ አይዞህ፣ ሁለታችንም አልሞትንም" አሉት። እንባው ሲደርቅ ቁጣው መጣ።

"ስልክህን ለምን ዘጋኸው አባዬ?"

"አልዘጋሁም፤ ይኸው፣ ይበራል!"

ራጉኤል አየና ራሱን ያዘ። "አውሮፕላን ሞድ ላይ ነው!"

"እኔ የት ልሄድ በአውሮፕላን?"

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሌንሳ አፏን በእጇ ያዘች። "እትዬ እታገኝ!" አለች።

እታገኝ የጋሽ ገብረክርስቶስ ታላቅ እህት ናቸው። አንገር ጉቲን ነው የሚኖሩት፤ ደም ግፊት አለባቸው። አንዱ ቸኩሎ ፎቶውን በጎረቤታቸው በዱቤ ስልክ ልኮ መርዶውን አሰምቷቸው፣ ከዱቤ ጋር በሚኒባስ መንገድ ጀምረዋል። በዚያ ኮረኮንች ላይ እዬዬ እያሉ ቢመጡ ልባቸው አይችልም። ሌንሳ ቶሎ ብላ ወደ ዱቤ ደወለች፤ ለጋሽ ገብረክርስቶስም ሰጠቻቸው።

"እታለም! እኔ ነኝ! አልሞትኩም!"

ከወዲያ ማዶ ለቅሶው ባሰ። ከዚያ የዱቤ ድምፅ መጣ፦ "አላምንም ይላሉ። 'እስክደርስ ሊያረጋጉኝ ድምፁን የሚያስመስል ሰው አምጥተው ነው፤ መሞቱንማ በፎቶ አይቻለሁ' ነው የሚሉት። በዓይናቸው ካላዩ አይሆንም።" ስልኩ ተቆረጠ።

ራጉኤል እጁን ወደ አባቱ ስልክ ሰደደ። "ስጠኝ፣ ቪዲዮ ኮል ላድርግልህ።"

ጣ! የሚል ድምፅ ተሰማ። አዴ ዱረቲ ናቸው፤ የራጉኤልን እጅ በመዳፋቸው መትተውት ነው። ስንቱን መርፌ የወጋ እጅ ነውና ያቃጥላል።

"እጅህን ወደ ኋላ!" አሉት። "አንተ ስትነካለት፣ ስትነካለት ነው ዛሬ የሞተው። ራሱ ይንካው።"

"አዴ፣ ጊዜ የለንም እኮ!"

አዴ ዱረቲ አልሰሙትም፤ ወይም ጆሯቸውን ምክንያት አድርገው አለፉት። ይህን ስልክ የተማሩት ጆሯቸው ሲከዳቸው ነው፤ የሰው ድምፅ ሲሸሻቸው በፊደል ተያያዙት፤ ያስተማራቸውም አልነበረም፤ እየተሳሳቱ፣ ለማይታወቅ ሰው ሁሉ እየደወሉ ነው የለመዱት። አሁን ከጋሽ ገብረክርስቶስ ጎን ተቀመጡ።

"ገብሬ፣ ጣትህን አሳየኝ። ውይ! ይሄ ጣት ነው ማገዶ? ስልኩ ሰው መሆንህን በምን ይወቅ?" ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው ቀቡትና በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁት። "በል። አትደብድበው፤ ዝንብ እንዳረፈበት አድርገህ ንካው። ሱታ፣ ሱታ።"

"ሱታ" ማለት ቀስ ማለት ነው። በዚህ ስልክ ጉዳይ "ቀስ በል" ያላቸው ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። መጀመሪያ አዴ ዱረቲ ፊደሉን እንዲያሳድጉት ነገሯቸው፤ ጤፉ ባቄላ ሆነ። ከዚያ አውሮፕላኗን ራሳቸው አጠፏት። የዱቤን ስም ፈልገው አገኙ። ከስሙ አጠገብ የካሜራ ምስል አለች።

"እዚህች ላይ?" አሉ ጣታቸውን ከምስሏ በላይ አንጠልጥለው።

"እዚያች ላይ። ብትሳሳት ምን ይመጣል? አንዴ ሞተሃል፣ ከዚያ አያልፍም።"

ነኩ። ግቢው በሙሉ ተጠጋ። ራጉኤል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እግሩን ያወዛውዛል፤ ሁለት ጊዜ "እዚያ ጋ" ሊል ሲል ሌንሳ በክርኗ ወጋችው። ስልኩ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ነኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ የሚወዛወዝ የሚኒባስ ጣሪያ ታየ፤ ከዚያ የዱቤ ጆሮ፤ ከዚያ በእንባ ያበጠ የእታገኝ ፊት። ከኋላቸው ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጓል።

"እታለም! ይኸው እኔ!"

እታገኝ አፍጥጠው አዩ። ወንድማቸው ጥቁር ለብሰዋል፤ ከኋላቸው ድንኳን አለ፤ በዙሪያቸው ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል።

"ኧረ እናንተ!" አሉ ለተሳፋሪው። "በሰማይ ቤትም ድንኳን ይተክላሉ?"

"ሰማይ ቤት አይደለሁም፤ ነቀምቴ ነኝ!"

"ገብሬ ከሆንክ ንገረኝ" አሉ እታገኝ ፊታቸውን አኮሳትረው። "እናታችን ልጅ ሆነህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?"

ጋሽ ገብረክርስቶስ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ዕድርተኛው በሙሉ ጆሮውን ቀስሯል። ኦቦ ጆቴ ከሱሪያቸው ላይ ንፍሮ ማራገፉን ትተው ተጠግተዋል።

"ስትደርሺ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።"

"አሁን!"

"...ድፎዬ" አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አልሰማሁም!"

"ድፎዬ! ድፎዬ ነው የምትለኝ! ክብ ስለነበርኩ!"

ሚኒባሱ ውስጥ እልልታ ቀለጠ። እዚህም ድንኳኑ ሊወድቅ እስኪደርስ ተሳቀ። አዴ ዱረቲ ብቻ ስላልሰሙ "ምን አለ? ምን አለ?" ሲሉ፣ ሌንሳ ስልኳ ላይ ጻፈችላቸው፤ እሳቸው ሲስቁ ሌላው እንደ አዲስ ሳቀ።

"ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ" አሉ ኦቦ ጆቴ ለጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አድርገው። "ስለ ደግነትህ የተናገርኩት፣ ሞተሃል ብዬ ነው።"

"ሰምቻለሁ፤ ተመልሶ አይዋጥም" አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። "ይልቅ ና፣ ቁጭ በል።"

ኦቦ ጆቴ ጥቂት አቅማሙና ተቀመጡ።

ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። ኦቦ ቀነአ "ይነቀል" ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። ሽማግሌውና አሮጊቷ ሁሉ ከየኪሱና ከየመቀነቱ ስልኩን እያወጣ አዴ ዱረቲ ፊት ተሰለፈ። አንዷ ልጇ የላከላት ፎቶ የት እንደገባ ጠፍቷታል። አንዱ ስልኩ በማያውቀው ቋንቋ ሲናገር ከርሞ፣ ማን እንደለወጠበት አያውቅም። ሌላው የደወለለትን ሰው ሁሉ ሲዘጋበት ኖሯል፤ አረንጓዴውንና ቀዩን ቀለም ዓይኑ አይለይለትም። ይህን ሁሉ ጊዜ እያንዳንዳቸው ያቃተኝ እኔን ብቻ ነው ብለው እያፈሩ ነበር ዝም ያሉት። ያን ቀን ግን አንድ ሰው እስከ መሞት ድረስ ስለተሳሳተ፣ የሌላው ስሕተት ቀላል መሰለ፤ አፍ ተፈታ።

እታገኝ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ከሚኒባሱ ወርደው በቀጥታ መጡና ወንድማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው መቱ፤ ከዚያ አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው፤ ከዚያ "ንፍሮው ተረፈ?" ብለው ጠየቁ። ሁለት ሳምንት ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ሰዎች ስልክ ሊማማሩ በየቅዳሜው በዕድሩ ድንኳን ሥር ይገናኛሉ። ልጆችና የልጅ ልጆች መምጣት ይችላሉ፤ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአፋቸው ብቻ ነው የሚያስረዱት። "ቀላል ነው" ያለ ሰው ከድንኳን ይወጣል። ራጉኤል መጀመሪያ ሰሞን ሁለቴ ወጥቷል። በኋላ ግን አባቱ አንድ ነገር ሲፈልጉ እስኪያገኙት መጠበቅን ለመደ፤ አንዳንዴ በጣም ሲቆይበት ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ኦቦ ቀነአም ደንባቸውን አሻሻሉ፦ ፎቶ ከተለጠፈ፣ ድንኳን ከመጫኑ በፊት ሰው በአካል ሄዶ ያይ። ኦቦ ጆቴ ስልክ ገዙ። አቮካዶውን ማን እንደሚለቅመው ግን አሁንም ገና አልተወሰነም፤ ቢያንስ በቃል እየተከራከሩ ነው።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሁሉን አላወቁም። መጻፍ አሁንም ይታክታቸዋል፤ በድምፅ ይልካሉ፤ በየመልእክቱ መጨረሻም ከቀድሞ ሥራቸው በተረፈ ልማድ "ጨርሻለሁ" ይላሉ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእህታቸው በምስል ይደውላሉ። እታገኝም ከዱቤ ተምረው የራሳቸውን ስልክ ይዘዋል፤ ግን ስልኩን ወደ ላይ አንጋልለው ስለሚይዙት የሚታየው ግንባራቸውና የቤታቸው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ራጉኤል አንድ ቀን ይህን አይቶ "አባዬ፣ ዝቅ አድርጊው በላት እንጂ፤ ፊቷ እኮ አይታይም" አላቸው።

"ተዋት፤ ራሷ ትድረስበት" አሉት ጋሽ ገብረክርስቶስ፤ ለእህታቸው ግንባርም የሳምንቱን ወሬ ማውራታቸውን ቀጠሉ።